የፒካፑ መርዶ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቅም፣ ልጄም አታውቅም። የነፍስ አባቴ ጾም በገባ ቁጥር «ሌላስ?» እያሉ ሲጠይቁኝ ስለ ምላሴ፣ ስለ ቁጣዬ፣ በጾም ስለ ቀመስኩት ወተት ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ዋጥኩት። እሳቸውም መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ምኑን ነው የሚፈታኝ? የታሰርኩበትን መች አሳየኋቸውና!

እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ብርቅነሽ እባላለሁ፤ ሰፈሩ ብርቄ ይለኛል። ንፋስ መውጫ ገበያ ገብስና ስንዴ እነግዳለሁ። አፈኛ ነኝ። ይህን አገር ያውቀዋል፣ እኔም አልክድም። ክፉ መሆኔን ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጎረቤቴ እትየ ላቀች ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። የእሳቸውንና የእኔን ግቢ የሚለየው የድንጋይ ካብ ነው፤ መግቢያችን ግን አንድ ነው። ልጃቸው ጌታሁን ሹፌር ነበር። በአሮጌ ፒካፕ ወደ እስቴና ወደ ስማዳ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ አንድ ቀን ሞተሩ ነከሰበት። መካኒኩ አይቶ «ይሄ አልቆለታል፣ ሌላ ሞተር ነው የሚፈልገው» አለው። ጌታሁንም ፒካፑን አስገፍቶ እናቱ ግቢ ውስጥ፣ መግቢያው ጥግ አቆመውና ለሞተር መግዣ ሠርቼ ልምጣ ብሎ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ሲሄድ «እማ፣ መኪናዬን አደራ! ካቆምኩበት ማንም እንዳይነካብኝ» አላቸው። ከካቡ ወዲህ ቆሜ ሰምቻለሁ።

እትየ ላቀች ስልክ የላቸውም፤ የሚደውለው በእኔ ስልክ ነበር። «እትየ ላቀች! ሱዳን!» ብዬ በካቡ ላይ ስጮህ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ይመጣሉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው መጀመሪያ የሚሉት «መኪናህ ደህና ነው» ነበር። ስለ ጤናው የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። እኔም እስቅባቸው ነበር። ኋላ እዚያ አገር ጦርነት ተነሳ ተባለና ስልኩ ዝም አለ። ክረምት አለፈ፣ ሌላም ክረምት አለፈ፤ ድምፁ ጠፋ።

ፒካፑ ግን እዚያው ነው። ጎማው ተንፍሶ በቸርኬው መሬት ላይ ተቀመጠ። በክረምት ዝገቱ እየታጠበ መግቢያችን ላይ ቀይ ውኃ ይተኛል። ከሥሩ ሳማ በቀለበት፣ ዶሮ እንቁላል ጣለችበት፣ የሰፈሩ ውሻ ወለደችበት። እትየ ላቀች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ። እኔ ካየኋቸው እንደማፈር ብለው «አቧራ እንዳይበላው ብዬ እኮ ነው» ይሉኛል።

ልጄ ትዕግሥት የታጨች ጊዜ ነው ዓይኔ ደም የለበሰው። የሙሽራው ወገኖች ደብረ ታቦር ያሉ፣ ቤታቸው የሞላ ሰዎች ናቸው። ለሽምግልና የመጡ ዕለት አክስቱ ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ፒካፑን ዞራ ስታልፍ «እዚህ አገር መኪናም ሳይቀበር ይቀራል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቅ ግን ከሆዴ አልወጣም። በመጡና በሄዱ ቁጥር እሷ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ትታየኝ ጀመር።

እትየ ላቀችን ለመንኳቸው። «ለሠርጉ ብቻ ወደ ጓሮ እናስገፋው፣ ዳስ የምንጥልበት ቦታ የለንም» አልኳቸው። «ብርቄ፣ አትቆጪኝ» አሉኝ፤ «ካቆምኩበት እንዳይነካብኝ ብሎኛል። መጥቶ የት አደረግሽው ቢለኝ ምን እለዋለሁ?» የእድራችንን ዳኛ አያ ዋሴን ላክሁባቸው፤ ለእሳቸውም ያንኑ መለሱላቸው። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ብጨቃጨቅ «በገዛ ግቢያቸው ነው ያቆሙት፤ አንቺን ምን አገባሽ?» ብለው መለሱኝ። እውነታቸውን ነው። ምን አገባኝ?

ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በኅዳር የሠርግ ልብስ ልገዛ ደብረ ታቦር ደርሼ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ከሱዳን የተመለሰ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ። በመንገድ ላይ ስላለቁት ሰዎች ሲያወራ ስለ ጌታሁን ጠየቅኩት። «አላውቀውም እናቴ» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አላውቀውም ነው ያለኝ። እኔ ግን ንፋስ መውጫ እስክንደርስ ሌላ ነገር ሳበስል መጣሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ ብዬ በሰይጣን አላሳብብም። እኔ ነኝ ያሰብኩት፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት።

በእኛ አገር መርዶ ለእናት ዘሎ አይነገርም። መጀመሪያ ለሽማግሌ ይነገራል፤ ሽማግሌው ያጣራል፤ ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰብና ጎህ ሲቀድ ቤቷ ይገባል። ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፣ ስንት ቤት ገብቻለሁ! ደህና አድርጌ ተጠቀምኩበት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አያ ዋሴ ቤት ገባሁና «ጌታሁን አርፏል፤ ሲቀበር ያየ ሰው አገኘሁ» አልኳቸው።

አያ ዋሴ ጥንቁቅ ናቸው። «ምልክት ጠይቀሻል?» አሉኝ። ስም እየተመሳሰለ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ስላለ ነው። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። «አይ፣ እንግዲያው ይጣራ» ብዬ መነሳት እችል ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው ብሎኛል» አልኩ። ያን ጠባሳ ማን ያውቀዋል? እኔ ነኝ የማውቀው! በልጅነቱ ከእኔ ካብ ላይ ወድቆ ቅንድቡ ሲተረተር እናቱ ገበያ ነበሩ። ደሙን በቀሚሴ ያቆምኩለት፣ ቅቤ ለጥፌ ያሰርኩለት፣ ለቅሶው እስኪበርድ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ጠባሳ ገደልኩት። አያ ዋሴ «በቃ፣ እሱ ነው» ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

ጎህ ሲቀድ ገባን። ከሴቶቹ ፊት እኔ ነበርኩ። እትየ ላቀች በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ገባቸው፤ ማንም አፉን ሳይከፍት «ልጄን?» አሉ። ከመካከላችን ሾልከው ወጥተው ወደ ፒካፑ ሮጡ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ከልብሱ እንኳን የቀረው አንድ ሹራብ ነው። ሹራቡን የመኪናው ኮፈን ላይ አነጠፉትና ለቅሶው በፒካፑ ዙሪያ ሆነ። ቤተ ልሔም ከሚባለው ገጠር ድረስ የመጡ ዘመዶቻቸው በዚያ ዝገት ዙሪያ ደረታቸውን ደቁ። እኔ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። አልቃሿ ሰምታኝ «ብርቄስ ሁለተኛ እናቱ» ብላ በሙሾዋ አነሳችኝ። ወይ እኔ፣ አፈር ልብላ! ደግሞ እንባዬ የእውነት እንባ ነበር። እስከ ዛሬ ከራሴ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ለአርባው ፍትሐት የልጃቸውን የክርስትና ስም ለቄሱ ሲነግሩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። «ኃይለ ሚካኤል» አሉ፣ ቀስ ብለው። ፒካፑን ለተስካሩ ራሳቸው ሸጡት። «እንግዲህ የት አደረግሽው የሚለኝ ማን አለ?» አሉ። ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው እየቆራረጡ ጫኑት። እኔ ካቡ ላይ ተደግፌ አያለሁ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፣ አልደብቃችሁም። የዳሱ ምሰሶ የት የት እንደሚቆም በዓይኔ ለካሁ።

ያን ሁሉ ስሸርብ አንድ ነገር ረስቼ ኖሯል። ጎረቤት ኀዘን ላይ እያለ፣ ኀዘንተኛው ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ከበሮ አይመታም፣ እልልታም የለም። ፒካፕ አስነሳለሁ ብዬ የጎረቤቴን ቤት የለቅሶ ቤት አደረግሁት። ጥር ገባ፤ ለሠርጉ የተጠሩት ሴቶች ሽንኩርት እንኳን የሚልጡት በሹክሹክታ ነው። አያ ዋሴ «ሄደን እናስፈቅዳቸው» ቢሉኝ ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። ብቻቸውን ሄዱ። ሲመለሱ «አልፈቀዱም፣ አልከለከሉምም» አሉ።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ሲደርስ ዳሱ ጭር ብሏል። ሚዜዎቹ መግቢያው ላይ ቆመው ይተያያሉ። ያቺ አክስትም አለች። ያኔ እትየ ላቀች ከቤታቸው ወጡ። ጥቁሩን አውልቀው፣ ለፋሲካ የሚለብሱትን ነጭ ለብሰው፣ ፒካፑ ቆሞበት የነበረውን መሬት አቋርጠው መጡ። ዳሱ መካከል ቆሙና እልል አሉ። ለቅሶ የጨረሰው፣ የሻከረ ድምፅ ነው። «ዝፈኑ እንጂ! ምን ሆናችኋል?» አሉ፤ «የብርቄ ልጅ የኔም ልጅ ናት። እኔ ያጣሁትን እሷ አትጣ!» ከበሮው ተመታ። ትዕግሥትን ስመው፣ መርቀው ወጡ። በራቸው ላይ ቆመው ጥቁሩን መልሰው ሲደርቡ አየኋቸው።

ያኔ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ለምን አልወደቅኩም? የልጄ ትዳር ይፈርሳል ብዬ ነው? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው? ምክንያት ሞልቶኝ ነበር። አንዱም አሁን አፌን ሞልቶ አይወጣም።

ከዚህ የባሰም አለ። ከፋሲካ በኋላ ገበያ ቁጭ ብዬ ገብስ ስሰፍር ስልኬ ጠራ። የውጭ ቁጥር ነው። «እትየ ብርቄ! ጌታሁን ነኝ። ታስሬ ነበር፣ በሰው ስልክ ነው የምደውለው። እማ ደህና ናት? መኪናዬስ?»

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? አልሞተም እኮ! የገደልኩት ሰው ቆሞ ያናግረኛል! ስልኩን ይዤ እየጮህኩ ወደ ካቡ መሮጥ አልነበረብኝም? የታየኝ ግን የአያ ዋሴ ፊት ነው። ጠባሳውን ማን ነገረሽ ሲሉኝ ታየኝ። «ተሳስተሃል» አልኩት፤ «የብርቄ ስልክ አይደለም»። ድምፄን ያውቀዋል። «እትየ ብርቄ?» አለ ደግሞ፣ በለሆሳስ። ዘጋሁበት። ስልኩን አጥፍቼ ቤቴ ገብስ ጎታ ውስጥ ቀበርኩት፤ ለባሌ ጠፋብኝ ብዬ ሌላ ቁጥር አወጣሁ።

የፊተኛውን ስዋሽ ይሙት ይኑር አላውቅም ነበር። የኋለኛውን ግን እያወቅሁ ነው።

አሁን ፍልሰታ ነው። ትናንት እትየ ላቀች በካቡ ላይ ጠሩኝና «ብርቄ፣ ጾሙ ሲፈታ ቤቴን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቼ ገዳም ልገባ ነው። የምጠብቀው የለኝ፣ ምን እሠራለሁ?» አሉኝ። እጄን ያዙና «ባስቀየምኩሽ ይቅር በይኝ፤ በመኪናው ነገር አስቸግሬሻለሁ» አሉ። እኔን ይቅር በይኝ አሉኝ! ቤቴ ገብቼ ጎታውን በሁለት እጄ ቆፈርኩት። ስልኩን ቻርጅ አደረግሁት፣ ካርድ ሞላሁበት፣ በዚያ ቁጥር መልሼ ደወልኩ። አንድ ሰው በዓረብኛ ተናግሮ ዘጋው። ደግሜ ብደውል አይነሳም።

ነገ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ። መርዶውን ያስገባሁት በዚያ ሰዓት ነው፤ የማወጣውም በዚያው ሰዓት ነው። ሽማግሌ አላስከትልም። ጠባሳውንም፣ የሚኒባሱንም ልጅ፣ የገበያውንም ስልክ አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ። «የት ነው ያለው?» ይሉኛል፤ አላውቅም። «መቼ ደወለ?» ይሉኛል፤ እሱን አውቃለሁ። ያን መናገር ነው የሚከብደኝ።

ይቅርታ አልለምናቸውም። ዳሱ መካከል ቆመው እልል ያሉ ሴት ይቅር ማለት አያቅታቸውም፤ እኔም ይቅርታቸውን ይዤ ቤቴ ገብቼ ልተኛ ነው? አይገባኝም። እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ስልኩን እጃቸው ላይ አስቀምጬ፣ ሲጠራ የቱን እንደሚነኩ አሳይቼ እመለሳለሁ። ቢጠራ፣ መጀመሪያ «መኪናህ ደህና ነው» ይሉት የነበሩት ሴት አሁን ምን እንደሚሉት አላውቅም።