አባቴ የተሸከመው ቅጠል

ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ይዞ ሲመጣ፣ ዛሬም ገመድ ትከሻዬን የሚቆርጠኝ ይመስለኛል።

ከየካ ሚካኤል በላይ ያለው ዳገት ያኔ የገብስ ማሳችን ነበር። በበጋ እናቴ እበት እየጠፈጠፈች፣ ግማሹን ኩበት ሾላ ገበያ ወስዳ ትሸጥ፣ የቀረውን እናነድ ነበር፤ ማሳው የሚዘራው አባቴ በሚገዛው ማዳበሪያ ነበር። አንድ በጋ ግን አባቴ ባዶ አህያ እየነዳ ከገበያ ተመለሰ። የማዳበሪያው ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ የገብሱ ዋጋ ካለበት ንቅንቅ አላለም ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ ኩበት መጠፍጠፏን ተወችና እበቱ ሁሉ ለማሳው ይሁን አለች። ከዚያ ወዲያ ለምድጃው የሚሆን ቅጠል ከተራራው ጠርገን፣ አስረን የምናወርደው እኔና እሷ ሆንን፤ አባቴና ወንድሜ ቅጠል የሴት ሸክም ነው ባዮች ነበሩ።

ጀርባዬ ተልጦ ሳለ አንድ ቀን ራት ላይ፣ «ገብሱን አራታችን የምንበላው ከሆነ፣ ቅጠሉን ለምን ሁለታችን ብቻ እንሸከማለን?» አልኩ። እናቴ ልትቆጣኝ ስትነሳ አባቴ በእጁ ያዛት። በማግስቱ ወንድሜን ቀስቅሶ ከፊታችን ወደ ተራራው ወጣ።

ሲመለስ ከሸክሙ ሥር ፊቱ ብቻ ይታይ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር የተቀመጡት ጎረቤቶቻችንም ዝም ብለው አላሳለፉትም።

«አያ ደምሴ፣ መቀነቱንስ ረሳኸው?»

አባቴ ሸክሙን ሳያወርድ፣ «ማዳበሪያዬን ነው የተሸከምኩት፤ የእናንተው መቼ ይደርሳል?» አላቸው።

ክረምት ገብቶ ገብሱ ሲበቅል ቀጫጫ ስለነበር እናቴ በየጠዋቱ እየወጣች ታየው ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ ግን አረንጓዴው እየጠቆረ ተነሳ። በኅዳር ስናጭድ የወትሮውን ያህል ባይሆንም፣ ከጎተራችን ለማዳበሪያ ተብሎ አንድ ቁና አልወጣም። በቀጣዩ በጋ ከነዚያ ጎረቤቶች አንዳንዶቹ ገመድ ይዘው ተራራውን ሲወጡ አየሁ።

አሁን ማሳው ላይ ቤት ሞልቶበታል፤ እኔም የማበስለው በኤሌክትሪክ ነው። ከእንጦጦ ማዶ የሚያርሰው የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ ደውሎ፣ የማዳበሪያ ዋጋ እንደገና መጨመሩንና ሚስቱ እበቱን ለማሳው መተዋን ነገረኝ። ገበሬ የሚገዛበትንም የሚሸጥበትንም ዋጋ ሌላ ሰው እስከ መቼ ነው የሚቆርጥለት ብዬ ተናደድኩ። ቀጥሎ የፈራሁትን ጠየቅሁት።

«ቅጠሉንስ ማን ይሸከማል?»

«እኔና እሷ በተራ ነዋ፣ አክስቴ። ሌላ ማን አለ?»

አባቴ ገመድ እንዲያነሳ እኔ ራት ላይ አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ ይህን ልጅ ግን ማንም አልነገረውም። የማዳበሪያው ዋጋ ያኔም ዛሬም ፍርደ ገምድል ነው፤ በእኛ ቤት ግን ሸክሙ እኩል ነው።