ከረባት ያሰረው ድንች ገዢ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱን ጊደር መጋላ ገበያ ብቅ የሚል አንድ ሰው ነበር። ድንች ሻጯ ዘይቱና ስሙን አታውቅም፤ የምታውቀው ዲግሪውን ነው። እሱንም ሳትጠይቀው ነግሯታል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ዲግሪው በግብርና ነው።

ኮቱ ብብቱ ስር ተጥፏል፤ ጫማው ግን ፊት ያሳያል። ከረባቱን በዚያ ፀሐይ እንኳ አይፈታም። የመሥሪያ ቤት ሹም ድንገት አይቶት «ና ተቀጠር» ቢለውስ! ድንቹን እያገላበጠ በፈረንጅ ስሙ ይጠራዋል፤ ቀጥሎ አተካከሉን ያስተምራታል። ዘይቱናም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትተክለው የኖረችው ድንች እንዴት እንደሚተከል በጥሞና ታዳምጣለች። የሚገዛት አራት ፍሬ ቢሆንም ትምህርቱን በነጻ ነው የሚሰጣት።

አንድ ቅዳሜ ግን ጠያቂዋ እሷ ሆነች።

«ጌታው፣ ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ኮሌጅ ይግባ ወይስ እርሻው ላይ ይቅር?»

«ይሄ ምን ይጠየቃል፣ አዴ ዘይቱና! ዲግሪ የያዘ ሰው እኮ ጦሙን አያድርም» አለና ድንቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በእናንተ ሰፈር… ቁራጭ መሬት በእኩል የሚያሳርስ ሰው ይኖር ይሆን? ለአንድ ዘመዴ ነው።»

ዘይቱና የከረባቱን ቋጠሮ አየች፤ ለስላሳ መዳፉንም አየች። አንጀቷን በላው።

«መሬቱስ አይጠፋም፣ ወላሂ» አለችው። «ግን ዘመድዎ እርሻ ያውቃል?»