ሩዝ ፈርቼ የጠጣሁት ጥሬ ወተት

ብዙ ያነበበ ሰው በወሬ አይታለልም ይባላል። ይታለላል። ልዩነቱ፣ ለተታለለበት ነገር ማስረጃ የሚሆን መጽሐፍ አለማጣቱ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ላብ ነበር። ጅግጅጋ ጃኬት በሚያስለብስ ብርድ ላይ ሳለች፣ እያስተማርኩ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ትኩሳት። ከዚያ ወገቤ። ትኩሳቱ ለቀናት ይቆይና ይተወኛል፤ ዳንኩ ስል ይመለሳል።

ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በስልኬ አንድ ቪዲዮ ደርሶኝ ነበር። ከፕላስቲክ ተሠራ የተባለ ሩዝ ተድቦልቡሎ መሬት ላይ ሲነጥር ያሳያል። ጠዋት ማታ ሩዝ በሚበላበት ከተማ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ለባልደረቦቼ ሁሉ ላክሁት። ከቤታችን ሩዝ ወጣ፣ የግመል ወተት ገባ። ጥሬው። እዚህ የግመል ወተት ማፍላት ብዙም አልተለመደም፤ ዕቃው በእንጨት ጭስ ይታጠናል፣ ያ ይበቃዋል ይባላል። ባለቤቴ ስንዱ እናቷ ቤት እንደለመደችው ላፍላው ስትል፣ መድኃኒትነቱን ታጠፊዋለሽ ብዬ ከለከልኳት። ገና የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ለልጁም ይጠቅማል ብዬ ብርጭቆውን ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱ አለቀ፣ ትኩሳቱ ግን አልተወኝም። ጎረቤታችን ሀሊማ ልትጠይቀኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"መምህር፣ ይሄ ቤት ጂኒ አለበት። ከእናንተ በፊት የነበረው ሾፌርም ወገቤን ወገቤን እያለ ነው የወጣው።"

"ጂኒው ከወገብ ሌላ አያውቅም እንዴ?"

"ሳቅ። ዋላሂ እሱም ይስቅ ነበር።"

በልቤ ናቅኋት። ሀሊማ ግን ቢያንስ የሾፌሩን ሕመም በዓይኗ አይታለች፤ እኔ የፕላስቲክ ሩዝ አይቼ አላውቅም።

በሕመሜ ሁለተኛ ወር ከአልጋ ያለ ዱላ መነሣት አቃተኝ። ሆስፒታል ያገኘኋት ወጣት ሐኪም የከተማው ልጅ ናት። ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

"ወተት ይጠጣሉ?"

"የግመል። ሳይፈላ።"

ደሜ ተመረመረ። ብሩሴሎሲስ፤ ከከብትና ከግመል በጥሬ ወተት የሚተላለፍ በሽታ።

"ጭሱ ጥሩ ሽታ ይሰጠዋል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም" አለች። "ቤት ውስጥ ሌላ ማን ይጠጣል?"



"ባለቤቴ። ነፍሰ ጡር ናት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ዛሬውኑ ያምጧት። ይህ በሽታ ያስወርዳል።"

አመጣኋት። ደሟ ተወሰደ። ጠበቅን። እሷም ነበረባት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ለእኔ የስድስት ሳምንት ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ታዘዘልኝ፤ ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ የእሷ መድኃኒት ሌላ ነበር። በየሳምንቱ የፅንሱን የልብ ምት ለማስደመጥ ስንሄድ፣ እኔ ወገቤን ይዤ እሷ ሆዷን ይዛ ባጃጅ ውስጥ እንቀመጣለን፣ ምቱ ሲሰማ ግን በመልሱ መንገድ ስለ ገበያና ስለ ጎረቤት እናወራለን። በእነዚያ ሳምንታት ምሳችንን ያበሰለችልን ሀሊማ ናት። ያመጣችው ሩዝ ነበር፤ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ በላሁ። ልጃችን በወሯ ተወለደች፤ ክብደቷ ትንሽ፣ ጩኸቷ ግን ሙሉ።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ፤ ያዳነችን በአንድ ተራ ጥያቄ ነው። ሀሊማንም አመሰግናለሁ፤ ስለ ጂኒው እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ሄዶ የሚመለስ ትኩሳት ያለባችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ስለ ወተቱ ንገሩት። ሻል ሲላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ እኔ በአራተኛው ሳምንት ላቋርጥ ብዬ ስንዱ ናት የከለከለችኝ።

እኔን ማመን የለባችሁም፤ እርግጠኛ ሆኜ ብዙ የተሳሳትኩ ሰው ነኝ። ግን ቤታችሁ ጥሬ ወተት ካለ ማንበቡን አቁሙና ተነሡ። አሁኑኑ አፍሉት።