ሽበቴን አይታ የተወችው ምክር

የቢቸና ጤና ጣቢያ ነርሶች የኤችአይቪ ምክር ሲሠለጥኑ፣ ቫይረሱ በደሜ ያለ ሰው ነኝና መለማመጃ እንድሆናቸው ከሞጣ ጠሩኝ። እሺ ብዬ የሄድኩት ሚስቴ ከቫይረሱ ነጻ ስለሆነች፣ አብረን እንዴት እንደምንተኛ ልጠይቅ ነው።

አንዲት ነርስ ስለ ኮንዶም ልትነግረኝ ጀምራ ሽበቴን ስታይ አፈረች። «አባቴ፣ እርስዎማ ይህን ነገር ትተውታል» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ? አልተውኩም። ሚስቴን እንዳላስይዛት ንገሪኝ» አልኳት።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። አሠልጣኙም «እኒህስ ገና ጎረምሳ ናቸው» ብሎ አንዲት ወጣት ታካሚ በቦታዬ አስቀመጠ። ደግሜ ብጠይቅ ነርሷ አንገቷን ደፋች።

ቤት ስገባ ሚስቴ «ለእኛስ ምን አሉ?» አለችኝ። አፍረው ዝም እንዳሉኝ ነገርኳት። እሷም መደቡ ላይ ለብቻዬ አነጠፈችልኝ።