ከአግዳሚው ሥር የተዋወቅኳቸው

ዛሬ ጠዋት ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ እየጠበቅኩ ሳለ አግዳሚ ወንበር ሥር ገባሁ።

መንገዱ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶ ነው። ቃሊቲ ውስጥ ይህ የየዕለት ነገር ነው። እኔ ግን ጦርነቱን ሸሽቼ ከመጣሁ ወዲህ ጎማና ጥይት አይለዩልኝም።

የሥነ ልቦና አማካሪ ፍለጋ የሄድኩትም ለዚሁ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ተራዬ ሳይደርስ ሹልክ ብዬ በመጣሁበት ባቡር ልመለስ እያሰብኩ ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ አንዲት የማላውቃት ልጅ አጠገቤ ተኮራምታለች። ከእሷ ወዲያ አንድ ረጅም ልጅ አለ፤ እግሩ አልገባ ብሎት ውጭ ቀርቷል።

«ደነገጥክ? እኔን!» አለችኝ፣ እሷ ያልደነገጠች ይመስል።

«ጠጋ በሉልኛ፣» አለ ረጅሙ። «እግሬ ብቻውን ሊሞት ነው።»

ሦስታችንም ሳቅን። እዚያው መሬት ላይ፣ እንደተኮራመትን።

አማካሪዋ በሩን ከፍታ ባዶውን ወንበር አየች። «ተረኛው የት ሄደ?»

«እዚህ ታች ነኝ!» አልኩ ሳላስበው። ከዚህ በኋላ ሹልክ ማለት የለም።

ገባሁ፤ ብዙ አወራሁ። ስወጣ ልጅቷ በቦርሳዋ ቦታዬን ይዛልኝ ነበር። ተራዬ ቢያልፍም ተቀመጥኩ፤ ሁለቱም እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።

እናንተስ? ስትደነግጡ ከጎናችሁ ማንን አገኛችሁ?