ጎተራ የፈረምኩለት ሶላር

ዛሬ ካዛንቺስ አንድ አዲስ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥቼ የራሴን የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ።

ጥጉ የተሰነጠቀ ሶላር ላይ በማርከር «ይጠገን» ይላል። ባለፈው ወር ጎተራ ሌላ ሕንፃ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የገጠሙት ሰዎች እንጠግነዋለን ሲሉኝ አምኜ ፈረምኩ።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ይሄ ነው። አዲስ ሕንፃ ሶላር ካልተገጠመለት የመጠቀሚያ ፈቃድ አያገኝም፤ መገጠሙን አይቼ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ለጥበቃው ለጋሽ ታደሰ ከሠራተኞቹ አንዱ መሰልኳቸው።

«እንዳትደገፈው ልጄ፣ አልታሰረም» አሉኝ። «ትናንት ነው ያመጡት። ነገ ደግሞ ባምቢስ ይወስዱታል፣ እዚያም የሚፈትሽ ሰው ይመጣል አሉ።»

ባምቢስም የምሄደው እኔው ነኝ። ሶላሩ ከእኔ እኩል ከተማውን ይዞራል።

ሳልፈርም ወረድኩ። አሁን ኡራኤል ካፌ ቁጭ ብያለሁ፣ አለቃዬ ደጋግሞ ይደውላል፣ አላነሳሁም። የዛሬውስ ይሁን፣ የጎተራውን ምን ላድርገው? ማለቴ፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ በሶላር ይሠራል ተብለው እዚያ ዘጠነኛ ፎቅ የገቡ ሽማግሌዎች አሉ።

አዲስ ሕንፃ ላይ የምትኖሩ፣ በቃ ጣሪያችሁ ላይ ወጥታችሁ እዩና ያያችሁትን እዚህ ጻፉልኝ። ባዶ ከሆነ የፈቃዱን ወረቀት ጠይቁ። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ሊሆን ይችላል።