የሁዳዴው የበሬ ልብ

የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ የልብን ፈተና ወደቅኩ። የጽሑፉን ሳይሆን የቃሉን። መምህሩ ከፎርማሊን ባልዲ የሰው ልብ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡና «ልብን ራሱን የሚመግቡትን ደም ቅዳዎች አሳዪኝ» አሉ። እኔ ደፍሬ ግራ ያልኩት ቀኝ፣ ፊት ያልኩት ጀርባ ሆኖ ተገኘ። «የሰውዬውን ልብ እኮ ገልብጠሽ ነው የያዝሽው» ሲሉኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ድጋሚው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ እሱን ከወደቅኩ ዓመቱን መድገም ነው። እናቴ ደግሞ ለቂርቆስ ሰፈር ሰው ሁሉ «ዶክተሯ ልጄ» እያለች አውርታ ጨርሳለች። ከመድገሙ ይልቅ እሷን ማሳፈሩ ነበር የሚያስፈራኝ።

የመጽሐፉ ሥዕል አልገባኝ አለ። በእጄ ካልነካሁ የማይገባኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የበሬ ልብ ልገዛ ቆረጥኩ። ችግሩ ጊዜው ሁዳዴ መሆኑ ነው። የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ከቅበላ ማግስት ጀምሮ ጥርቅም ብለዋል። ክፍት የሆነው የሙስሊም ሥጋ ቤት ብቻ ነበር፤ ወደዚያም ስገባ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ ኳተንኩ።

ባለሥጋ ቤቱ ሽበታም፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ።

«ጋሼ፣ የበሬ ልብ ይኖራል?»

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው ፈገግ አሉ። «ለድመት ነው?»

«ለፈተና ነው።»

ጉዴን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁና አንድ ልብ አወረዱልኝ። በአንድ በኩል በቢላ ተሰንጥቋል። «እሱን የሥጋ መርማሪው ነው የሚሰነጥቀው፤ ኮሶ እንዳለበት ለማየት። ሁሉም እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣልን» አሉኝ። «ይኼ ሲበላሽ ሌላ አስቀምጥልሻለሁ። ስትመረቂ ግን የኔን ልብ በነጻ ታዪልኛለሽ፤ ተስማማን?»

ተስማማን። በጋዜጣ ጠቅልዬ ስወጣ፣ በሩ ላይ ከግቢያችን ጎረቤት ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ለካ መሥሪያ ቤቷ እዚያው ካዛንቺስ ነው! እሷ በታክሲ፣ እኔ በእግሬ፤ ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገባ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «በሁዳዴ? ሥጋ? ያውም ከሙስሊም ሥጋ ቤት?»

«እማዬ፣ ላጠናው እኮ ነው፣ ልበላው አይደለም።»

«እቤቴ ግን አይገባም። በቃ!»

ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ሳፋ ደፍቼ ልቡን እላዩ አስቀመጥኩና ጥናቴን ጀመርኩ። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ እንዳልቀምስ እየጠበቀችኝ ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ዱካዋን ጠጋ አደረገች። በሁለተኛው ልብ ጊዜ አጠገቤ ነበረች። ስቡን ገፍፌ ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ሳሳያት፣ ከዋናው የደም ቧንቧ ገና ሥሩ ላይ እንደሚነሱ፣ ልቡን እንደ አክሊል ዞረው እንደሚያቅፉት ነገርኳት።

«ማለት፣ ለሌላው ሳያዳርስ መጀመሪያ ለራሱ ነው የሚያጎርሰው?»

«አዎ።»

«ይሉኝታ ቢስ!» አለች፣ ከምሯ ተናዳ።

በዚያን ጊዜ ለእኔ ግራና ቀኙን መለየት ቀልሎኝ ነበር፤ ስንጥቁ ሁልጊዜ በግራ በኩል ስለሆነ እሱን ማየት ይበቃኛል። እናቴ ግን ስንጥቁን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሠላሳ ዓመት ታይፕ በመታችበት አውራ ጣቷ ልቡን ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገችው። «ይኼኛው ግድግዳ ምነው እንዲህ ጠነከረ?»

«ግራው ነው። ደሙን እስከ እግር ጣት የሚገፋው እሱ ነው፤ ቀኙ እዚሁ ጎረቤቱ ለሳንባ ብቻ ነው የሚልከው።»

«አሃ፣ ሩቅ መንገደኛው ይኼ ነዋ» አለችና ነጠላዋን ረስታ ደግማ ተጫነችው።

የድጋሚው ቀን መምህሩ ልቡን እጄ ላይ አስቀመጡ። አገላበጥኩት። ስንጥቅ የለም! የሰው ልብ ነዋ፤ ማን ኮሶ ይፈልግበታል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት የመርማሪውን ቢላ እንጂ ልቡን አልነበረም። መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ። ያኔ የእናቴ አውራ ጣት ትዝ አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በራሴ አውራ ጣት ዙሪያውን ተጫንኩ። አንዱ ወገን እሺ ብሎ ገባ፤ ሌላው አሻፈረኝ አለ። ሩቅ መንገደኛውን አገኘሁት። ያንን ወደ ግራ ጡቴ አድርጌ፣ ሹሉን ወደ ታች ይዤ፣ ከዋናው ቧንቧ ሥር የሚነሱትን ሁለቱንም ደም ቅዳዎች ከነቅርንጫፎቻቸው ቆጠርኩላቸው። «ማነው ያስጠናሽ?» አሉኝ። «ታይፒስት ናት» አልኳቸው። አለፍኩ።

ለፋሲካ የግቢያችን ሰው በሬ ገዝቶ ቅርጫ ገባ። እናቴ ከድርሻዋ ታናሽ የሚባለውን ሥጋ ቀንሳ በምትኩ ልቡን ጠየቀች። በግቢ የታረደ ነውና መርማሪ አልነካውም፤ ድፍን ነው። በእንግዳ ሳህን አድርጋ፣ በዚያው አይገባም ባለችበት በር አስገባችውና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ያቺ ወሬኛዋ ጎረቤታችን ሳትቀር የግቢው ሰዎች ተሰብስበው ነበር። እኔ ላስረዳ እጄን ስዘረጋ እናቴ ገፋ አደረገችኝ።

«ቆይ አንቺ፣» አለች፣ አውራ ጣቷን በልቡ ላይ እያሳረፈች። «እዩ፤ ይኼ ግራው ነው።»